የክኒን ስፌት

ባለፍሬሙ መድኃኒት ያውቃል ማለት፣ አውራ ዶሮ ንጋት ላይ ስለሚጮህ ሰዓት ሠሪ ነው እንደ ማለት ነው። ልጅቷ ይህን አንድ ቀን አክስቷ ፊት ተናግራው በእንጨት ማስመሪያ ጉልበቷ ላይ ቀመሰች። ቀመሰች እንጂ ሐሳቧን አልለወጠችም።

ባለፍሬሙ የአክስቷ ታናሽ ወንድም ነው። ለእሷም አጎቷ መሆኑ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ዘመድ እንደ ጫማ ተለክቶ አይገዛ። ይህ ሰው ስለ መድኃኒት አያያዝና አሰጣጥ ሦስት ወር ሠልጥኗል። ሥልጠናው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አሠልጣኙ የክኒን ሥዕል ግድግዳው ላይ በመብራት ያበራል፤ እነሱ ሥዕሉን ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ክኒን በመዳፉ ሳይዝ፣ አንድ ጠርሙስ ሳይከፍት፣ እንኳን ደስ ያለህ ተብሎ ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱን ወርቅ ቅብ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ተቀጥሮ በሚሠራበት መድኃኒት ቤት መደርደሪያ መሀል ሰቀለው። ፍሬሙ ቦታ አልበቃው ሲል የሳል ሽሮፖቹ ወደ ወለል ወረዱ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እሱ ግን ጥምጥሙን አሳምሮ ጭንቅላቱን ቤት ረስቶት የወጣ ነው።

እውነተኛዋ ፋርማሲስት ሌላ ቅርንጫፍ ስላላት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የምትመጣው። እሷ ስትኖር ሳሙናና ፋሻ ይሸጣል። እሷ ስትሄድ ነጭ ጋዋኑን ይቆልፍና ዶክተር ይሆናል።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር ስትጣላ እናቷ ወደዚህ ቤት ላከቻት። የጠቡ ምክንያት ባቄላ ነበር። መምህሩ ባቄላ እንዴት እንደሚበቅል ሰሌዳ ላይ ስሎ ሦስት ሳምንት ሲያስገለብጣቸው፣ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ባቄላው ራሱ ሞቷል እንዴ?» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው።

እዚህ ቤት ሰሌዳ የለም። ከመስኮቱ ሥር የእግር መኪና አለ፣ መሀል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፣ ቁልፎች በቆርቆሮ ቆርቆሮ ተለይተው ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ የሰው ሁሉ ወገብና ትከሻ በጠመኔ ተጽፏል። አክስቷ የመጀመሪያውን ወር መቀስ አላስነካቻትም። አዲስ ጨርቅ በመጣ ቁጥር ከዳሩ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣ ውሃ ውስጥ እንድትነክር ነበር የምታደርጋት። ቁራጯ አድራ ትወጣለች፣ ትደርቃለች፣ ትለካለች። ቀለም ለቃ እንደሆነ፣ ተሸብሽባ እንደሆነ ይታያል።

«ነጋዴው ምላስ አለው፤ የማይለቅ፣ የማያጥር እያለ ይምልልሻል» ትላት ነበር አክስቷ። «ጨርቁ ግን ምላስ የለውም። እሱን የሚያናግረው ውሃ ነው።»

ነገሩ የጀመረው ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪም የአክስቷን የደም ግፊት ክኒን የቀየረላት ጊዜ ነው። አዲሷ ክኒን በቀን አንዴ ብቻ የምትወሰድ፣ ሮዝ፣ ወፍራም፣ የባቄላ ታናሽ እህት የምትመስል ናት። የአክስቷ ጉሮሮ ደግሞ ክኒን አይወድም። አንድ ቀን አነቃት፣ አንድ ቀን አስነጠሳት፤ በሦስተኛው ቀን ልጅቷን አስከትላ የወንድሟ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆመች።

«አልወርድም አለችኝ ወንድሜ። ምን ይሻላል?»

ባለፍሬሙ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። መነጽሩ ቁጥር የለውም፤ ተራ መስታወት ነው።

«እትዬ፣ ለዚህ ነው የተጨነቅሽው? ፍጪያታ!»

«መፍጨት ይቻላል?»

«እንዴ! ክኒን ሆድ ውስጥ ገብታ ምን ልትሆን ነው? ልትፈጭ አይደለም? አንቺ ቀድመሽ ብትፈጪያት ሆድሽን አገዝሽው ማለት ነው። ሳይንስ ነው ይሄ።»

አክስቷ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ እውነት መሰለ፤ ቃሉም አንድ ነው፣ እህልም ይፈጫል ምግብም ይፈጫል። ልጅቷ ግን አፏን የሚበላት ጊዜ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደዚያ ከሆነ ፋብሪካው ለምን ፈጭቶ አልላከውም? ዱቄት መሸጥ አይቀልም ነበር?»

«አንቺ ስድስተኛ ክፍል፣ ዝም በይ።»

«እሺ። ከስሙ ኋላ ያሉት እነዚህ ሁለት የፈረንጅ ፊደላትስ? ኤስ እና አር ይላል።»

ባለፍሬሙ ፓኬቱን አገላብጦ አየ።  

«ስፔሻል ሬጉላር» አለ።

«ስፔሻል ነው ወይስ ሬጉላር?»

«ሁለቱንም ነው!»

«ገባኝ» አለች ልጅቷ። «እንደ ደረቅ ዝናብ ማለት ነው።»

አክስቷ ክንዷን ቆነጠጠቻትና እያመሰገነች ይዛት ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ክኒኗ በወረቀት ተጠቅልላ በማንኪያ ጀርባ ትደቆሳለች፣ ከስኳር ጋር ትላሳለች። በመጀመሪያው ሳምንት አክስቷ በጣም ተደሰተች። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ አንድ ነገር አስተዋለች። ዱቄቱ ከተላሰ ግማሽ ሰዓት በኋላ የአክስቷ ፊት እንደ ምድጃ ይቀላል። ልቧ ሲመታ በቀሚሷ ላይ ይታያል። ከዚያ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ጠረጴዛውን ትይዛለች፤ ይዛ ትቆያለች፤ «ክሩ የታለ?» እያለች ክር የምትፈልግ ትመስላለች። ክሩ እጇ ላይ ነው። ማታ ደግሞ በተቃራኒው ማጅራቷን ይይዛታል፣ ራሷን ይወቅራታል፤ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት እንደነበረችው ትሆናለች።

ሐሙስ ዕለት ረፋድ ላይ የሱሪ እግር እየሰፋች ሳለ ጭንቅላቷ ወደ ፊት ዘንበል አለ። እግሯ ግን መኪናውን መርገጡን አላቆመም። መርፌው በሌባ ጣቷ ጥፍር መሀል ገብቶ በታች ወጣ።

ልጅቷ የመኪናውን ሽክርክሪት በእጇ ወደ ኋላ አዙራ መርፌውን አወጣችው። አክስቷ አልጮኸችም። ጣቷን ከርቀት እያየች «የማን እጅ ነው?» እንደሚል ሰው ሆነች። ሠላሳ ዓመት ስትሰፋ አንድ ቀን ጣቷን ወግታ አታውቅም።

ባለፍሬሙ ፋሻ ይዞ መጣ። እውነቱን ለመናገር ፋሻው ላይ ጎበዝ ነው፤ በየቀኑ ስለሚነካው ይሆናል። ጣቷን አሳምሮ ጠቀለለና ስለ ማዞሩ ሲነገረው ፈገግ አለ።

«እያዞረሽ ከሆነ እየሠራ ነዋ! የማያዞር መድኃኒት ውሃ ነው።»

«ማታ ማታስ ራሴን ያመኛል» አለች አክስቷ።

«ይኸው! አንድ አልበቃሽም ማለት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሁለት እናድርገው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሁለቱንም ፈጭተሽ። የመጀመሪያዋን እኔው ራሴ መጥቼ እሰጥሻለሁ።»

«ጋሼ፣ በአንዱ መርፌ ጣቷ ውስጥ ገባ» አለች ልጅቷ። «በሁለቱ የት ሊገባ ነው?»

«ይቺን ልጅ ምን ታበያታለሽ፣ እትዬ? በርበሬ ነው?»

ሲወጣ ልጅቷ አክስቷን ለመነቻት። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፣ ነርሷን መጠየቅ ነው፣ ምን ይቀራል? አክስቷ በፋሻ የተጠቀለለ ጣቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጪ አየች።

«ሄጄ ምን ልበል? 'ወንድሜን አላመንኩትም፣ እናንተ ንገሩኝ' ልበል? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሊቀበል ሲሄድ የለበሰውን ሱፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም ካልኩማ…»

ልጅቷ ንቀት ነው የለመደችው፤ ፍርሃት አልለመደችም። ያን ቀን ግን ንቀቷ አልበቃት አለ። ለሰኞ አራት ቀን ነው የቀረው። ሁለት ማንኪያ ዱቄት ከዚያች ሴት ሆድ ከገባ፣ ጭንቅላቷ ዘንበል የሚልበት ቦታ መኪናው ላይ ይሁን ደረጃው ላይ ማን ያውቃል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባለፍሬሙ ደግሞ ቆሞ «ሠራ!» ይላል።

እሑድ ከሰዓት አክስቷ አዙሯት ጋደም አለች። ልጅቷ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ጠራርጋ ቆመች። ማንን ልጠይቅ? ፊደላቱን ማንበብ ትችላለች፣ ትርጉማቸውን አታውቅም። ባለፍሬሙ ምላስ አለው። ክኒኗ የላትም።

ምላስ የሌለውን ምን እንደሚያናግረው ግን አንድ ወር ሙሉ ተምራለች።

ከፓኬቱ ሁለት ክኒን አወጣች። አንዷን እንደ ልማዱ በማንኪያ ጀርባ ደቆሰች። ሁለት ብርጭቆ አቀረበች፣ እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ቀዳች። በአንዱ ዱቄቱን፣ በሌላው ሙሉዋን ክኒን ጨመረች።

ዱቄቱ አሥር እስክትቆጥር አላስቆጠራትም። ውሃው ወዲያው ደፈረሰ፣ ሮዝ ሆነ፣ አለቀ። ያለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ዘርግፎ ቁጭ። ሙሉዋ ክኒን ግን ታችኛው ወለል ላይ ተቀመጠችና እንደ ግትር በቅሎ አልነቃነቅ አለች። ልጅቷ የአንድ ሱሪ ጠርዝ ጠልፋ ተመለሰች፤ ክኒኗ ትንሽ አብጣለች፣ ዙሪያዋ ለስለስ ብሏል፣ ውሃው ግን ገና ንጹሕ ነው። የሁለት ሸሚዝ ቁልፍ ተክላ ተመለሰች፤ ዙሪያዋ ቀጭን ሮዝ ጭስ የመሰለ ነገር ወጥቷል። ራት ሲደርስም ክኒኗ አለች። ልጅቷ ብርጭቆዎቹን መስኮቱ ላይ ትታቸው ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ባለፍሬሙ ጋዋኑን እንደለበሰ ከች አለ። በአንድ እጁ የራሱን ማንኪያ ይዟል፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ በቤቱ ውስጥ ማንኪያ ያለ አልመሰለውም ይሆናል። አክስቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ክኒኗን ደቆሰ፣ ስኳር ጨመረ፣ ማንኪያውን ወደ አፏ አነሣ።

«ቆዪ አክስቴ!» ልጅቷ ብርጭቆዎቹን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ድም አደረገቻቸው። «ይሄ የተፈጨው ነው፤ አሥር ሳልቆጥር አለቀ። ይሄ ደግሞ ያልተፈጨው። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ነው፤ እዪው፣ ገና አላለቀም።»

ባለፍሬሙ ሳቀ። ሲስቅ ማንኪያው እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ዱቄት ጋዋኑ ላይ ፈሰሰ።

«ሆድና ብርጭቆ አንድ ነው እንዴ? ኧረ እትዬ፣ ይቺ ልጅ መድኃኒትሽን እየሰረቀች ውሃ ታጠጣዋለች!»

«አንድ አይደለም» አለች ልጅቷ። «ግን ብርጭቆው ፍሬም የለውም፤ ያየውን ብቻ ነው የሚያሳየው።»

ጥፊ ትጠብቅ ነበር፤ ጉንጯንም አዘጋጅታለች። አክስቷ ግን አልሰማቻትም። ዓይኗ ክኒኗ ላይ ነው። በደህናው እጇ የክር መልቀሚያውን ወረንጦ አነሣችና ክኒኗን ከውሃው አወጣች። መዳፏ ላይ አደረገቻት። በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን አለቻት፤ ጨርቅ ስትገዛ እንደምታደርገው። ከላይ ያለው ልስልስ ገላ ተከፈለ፤ ከውስጡ ትንሽ፣ ደረቅ፣ ጠንካራ ፍሬ ታየ።

 አክስቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰፊ እጅ የነካውን ልብስ እየፈታች የኖረች ናት። የተሠራ ነገርና በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይምታታባትም።

«ይሄማ ሆን ተብሎ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቀስ በቀስ እንዲፈታ ተደርጎ የተሰፋ ነው። የቀን ሙሉውን ነው ጠቅልለው ያስገቡት፣ በጥቂት በጥቂት እንዲወጣ። ይሄን የሠራው ሰው ባለሙያ ነው።» ቀና አለች። «እኔ በየጠዋቱ የሰው ስፌት እየተረተርኩ ነው የምውጠው።»

«እትዬ፣ እኔ ተምሬበታለሁ…»

«ይቺን ክኒን በእጅህ ከፍለህ አይተሃት ታውቃለህ?»

«በሥዕል ላይ…»

«በሥዕል አላልኩህም፣ ወንድሜ።»

ባለፍሬሙ ማንኪያውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንዴ ወደ ኪሱ፣ አንዴ ወደ ጠረጴዛው ላከው። በመጨረሻ እንደ ሻማ ወደ ላይ ይዞት ቆመ። ልጅቷን በሕይወቷ ካየቻቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ይህ ሊያስደስታት በተገባ ነበር፤ ግን አክስቷ ፊት ላይ ያለውን አየች። ሴትየዋ የምታየው ክኒኗን አልነበረም። ያሳደገችውን ሰው ነበር።

«ነጠላ ጫማዬን አምጪልኝ» አለች አክስቷ። «ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

ነርሷ ቀጭን፣ አፏ እንደ ዚፕ የተዘጋ ሴት ናት። ግፊቷን ለካች፣ ስለ መፍጨቱ፣ በቀን ሁለት ስለ ማድረጉና ስለ ብርጭቆዎቹ የተነገራትን ሰማች፣ ፓኬቱን አየች፣ ሁለቱን ፊደላት በእስክሪብቶ መታ መታ አደረገች።

«ይሄ እኮ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው። እነዚህ ፊደላት እሱን ነው የሚሉት። አይፈጭም፣ አይቆረጥም፣ አይታኘክም። የቀኑን ሙሉ ባንድ ጉርሻ ትውጪና ከዚያ ማታ ባዶ ትሆኛለሽ። ሁለት ጊዜ አድርገሽው ቢሆን እዚህ በእግርሽ አትመጪም ነበር። ማነው ፍጪው ያለሽ?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ስሙን፣ አድራሻውን፣ የፍሬሙን ስፋት ሁሉ ልትናገር ነበር።

«ከራሴ ነው» አለች አክስቷ። «እኔው ነኝ ከራሴ።»

ልጅቷ አፏን ዘጋች። ሲዘጋ ጥርሷ ጮኸ።

«በዚህ ዕድሜሽ!» አለች ነርሷ፤ ወደ ልጅቷም ዞረች። «አንቺስ? የብርጭቆ ጨዋታሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ሳምንት ሲያዞራት ከምታዪ በመጀመሪያው ቀን ብትመጪ ብርጭቆ አያስፈልግሽም ነበር።»

ይህችኛዋን ልጅቷ ለመናቅ ሞከረች፤ የምትይዝበት እጀታ አላገኘችም። ሐኪሙ ክኒኗን ለወጠላትና ምስር የምታህል፣ ለመዋጥ የማታስቸግር ሌላ አዘዘ። መንገድ ላይ አክስትና ልጅ ብዙ አላወሩም።

«ለምን ዋሸሽ?» አለች ልጅቷ መጨረሻ ላይ።

«አልዋሸሁም። ማንኪያውን ይዤ የደቆስኩት እኔ አይደለሁም? ጨርቁን ሳትነክሪ ከቆረጥሽ ጥፋቱ የነጋዴው ነው ብዬሽ አውቃለሁ?»

«ነጋዴውም ድርሻ አለው።»

«አለው። የሱን ድርሻ ለሱ እሰጠዋለሁ፤ አደባባይ ላይ አይደለም።»

በዚያው ቀን ከሰዓት አክስቷ ወንድሟ ጋ ብቻዋን ሄደች። በር ተዘግቶ የተባለውን ማንም አልሰማም፤ ልጅቷም እስከ ደጁ ተከትላ ደርሳ ነበር፣ መስኮቱ ከፍ ብሎባት ነው እንጂ።

ሳምንት አለፈ። አክስቷ ስትነሣ ጠረጴዛ መያዝ አቆመች፤ ጣቷም ዳነ። አንድ ቀን አክስቷ የባለፍሬሙን ሌላ ጋዋን ኪሱን አስተካክላ በልጅቷ እጅ ላከችለት። ልጅቷ መድኃኒት ቤቱ ስትደርስ መስኮቱ ላይ አንድ ወፍራም የጭነት መኪና ሹፌር ቆሟል። በሁለቱ መሀል፣ ባንኮኒው ላይ፣ ብርጭቆ አለ። ብርጭቆው ውስጥ ሮዝ ክኒን ተቀምጣለች።

«ይሄንን እዚሁ በምርምር ያረጋገጥነው ነው» እያለ ነበር ባለፍሬሙ፤ እጁን ከኋላው አጣምሮ። «ከስሙ ኋላ ኤስ እና አር ካየህ አትፍጭ። ገባህ? ስፌት አለው። ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው።»

ልጅቷ ደሟ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ስፌት አለው! ምርምር! ያረጋገጥነው! ማን ከማን ጋር? ከሳሙናው ጋር? የምትለውን ሁሉ በምላሷ ጫፍ ላይ ደርድራ ልትተኩስ ስትል ሹፌሩ ኪሱን በረበረ። ሌላ ፓኬት አወጣ።

«የኔ ደግሞ የስኳር ነው። ኤስም አርም የለበትም፣ ሌላ ፊደል ነው ያለው። ይሄስ ይቆረጣል?»

ባለፍሬሙ ፓኬቱን ተቀበለ። መነጽሩን አወረደ። ልጅቷ ጠበቀች፤ ምን እንደሚል ታውቃለች፣ አንድ ስም ሊፈጥርለት ነው፣ ስፔሻል ኤክስትራ ሬጉላር ሊለው ነው።

ባለፍሬሙ ፓኬቱን አገላበጠው። አንገቱ ቀላ።

«አላውቅም» አለ። «ቆይ፣ ለፋርማሲስቷ ልደውልላት።»

ስልኩን አነሣ። ሹፌሩ ምንም አልተገረመም፤ በክርኑ ተደግፎ ጠበቀ። ልጅቷ ግን ጋዋኑን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። ይህን ሰው ለመናቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትዘጋጅ ኖራ፣ እሱ በአንዲት ቃል መንገዱን ዘጋባት። ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ውርደት ነው? ጋዋኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት። እሱም ስልኩን በጆሮው ይዞ አያት፤ የምትለውን እየጠበቀ፣ ትከሻውን ከፍ አድርጎ፣ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ፤ በጣቷ ብርጭቆውን እየጠቆመች። «ምርምርዎ ውስጥ ዝንብ ወድቋል። ውሃውን ይቀይሩት።»